ማርሽ ውስጥ

ዋቅጋሪ ቁልፉን ባዞረ ቅጽበት ትራክተሩ እንደተወጋ በሬ ወደ ፊት ዘለለ። ፋናዬ ጮኻ ወደ ጎን ባትስፈነጠር ኖሮ የፊት ጎማው ይጨፈልቃት ነበር። ዋቅጋሪ ፍሪሲዮኑን ረግጦ፣ የናፍጣ መዝጊያውን ስቦ ሞተሩን አጠፋው።

"ጋሼ! ሊገድሉኝ ነው እንዴ?"

"ይቅር በይኝ ልጄ። ይነሳል ብዬ አላሰብኩም።" ዋቅጋሪ እጁን ከቁልፉ ላይ አነሳ። "ማርሽ ውስጥ እያለ በጭራሽ መነሳት የለበትም። ተነካክቷል።"

ዋቅጋሪ የስልሳ አንድ ዓመት ሰው ነው። አርሲ፣ በመንግሥት እርሻ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ትራክተር ነድቷል። ልጁ ወደ ሜልበርን ካስመጣችው ወዲህ ግን ፍሌሚንግተን ካለው ፎቅ መስኮት ላይ ሆኖ ትራም ሲያልፍ ከማየት ሌላ ሥራ አልነበረውም። የልጁ ጓደኛ ፋናዬ "ትራክተሩን እርስዎ ካላዩልኝ አልገዛም" ያለችው ዕለት እንቅልፍ አልወሰደውም። እሷና ባሏ ከከተማ ወጣ ብለው መሬት ተከራይተው ጎመንና ቃሪያ እያመረቱ ለፉትስክሬይ ሰፈር ሱቆች ያቀርባሉ። በኪራይ ማሽን ማረሱ ስላላዋጣቸው፣ ፋናዬ በፋብሪካ ኦቨርታይም ያጠራቀመችውን ይዛ ዋቅጋሪን አስከትላ ዲር ፓርክ ወዳለው የማሽን መሸጫ ግቢ መጣች።

ሻጩ ጳውሎስ ከገበሬዎች ጨረታ አሮጌ ማሽን እየገዛ፣ ቀለም እየቀባ የሚሸጥ ያገራቸው ሰው ነው። "ሰባ አምስት የፈረስ ጉልበት፣ ሦስት ሺህ ሰዓት ብቻ የሠራ" እያለ ከጠዋት ጀምሮ አፉ አላረፈም።

ዋቅጋሪ ሳይወርድ ጎንበስ ብሎ የመቀመጫውን ሥር ዳበሰ። ማርሽ ውስጥ እያለ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚከለክለው የደህንነት ማብሪያ ሽቦ ተቆርጦ በጥቁር ፕላስተር ተቀጥሏል። የፍሪሲዮኑ ፔዳል ደግሞ ጎማው አልቆ ብረቱ ያበራል።

"ይህን ፔዳል ሦስት ሺህ ሰዓት አልጨረሰውም" አለ። "ዘጠኝ፣ አሥር ሺህ ሠርቷል። ሽቦውንም ቆርጠህ ቀጥለኸዋል። ፋናዬ፣ አትግዢው። ሰው ይበላል።"

ጳውሎስ ሳቀ። "አባባ፣ እርስዎ የሚያውቁት የደርግ ዘመን ትራክተር ነው።"

"ብረት ብረት ነው።"

"ዴፖዚት ከፍላለች እኮ!"

"ትመልስልኛለህ" አለች ፋናዬ።

የጳውሎስ ሳቅ ጠፋ። "ውረድ" አለ። አንቱታው የት እንደገባ አልታወቀም። "ከማሽኔ ላይ ውረድ!"

"ቆይ፣ ማርሹን ላውጣና—"

ጳውሎስ አላስጨረሰውም። ኮሌታውን ይዞ ጎትቶ አወረደውና አፉን በቡጢ አለው። ሽማግሌው ጠጠሩ ላይ ተዘረረ። ጳውሎስ ጎኑን ሁለት ጊዜ ረገጠው። ፋናዬ ክንዱ ላይ ስትንጠለጠል በክርኑ አፍንጫዋን መትቶ ጣላት።

"ምቀኛ ሁላ! እንዴት እንደሚሠራ ላሳያችሁ!"

በፊትና በኋላ ጎማው መካከል መሬት ላይ እንደቆመ፣ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ቁልፉን ያዘ። ዋቅጋሪ ሊጮህ ሞከረ፤ አፉ ደም ሞልቶ ነበር።

ሞተሩ ተነሣ። ትልቁ የኋላ ጎማ ጳውሎስን ገፍቶ ጣለውና ቀኝ እግሩ ላይ ወጣ። አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ሲል ተሰማ።

ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዋቅጋሪ አልተንቀሳቀሰም። ይበለው፣ አለ በልቡ። ይበለው። ጎማው የጳውሎስን ጉልበት አልፎ ወደ ጭኑ ይወጣ ነበር። ሰውየው "እናቴ!" ብሎ ሲጮህ ዋቅጋሪ ሳያውቀው ብድግ አለ። በሌላው በኩል ተንጠላጥሎ ወጥቶ ወንበሩ ላይ በደረቱ ተደፋ፤ ፍሪሲዮኑን በእጁ ተጭኖ መዝጊያውን ሳበ። ትራክተሩ በግቢው ቁልቁለት ወደ ኋላ ተንሸራቶ ከጳውሎስ ላይ ወረደ።

ዋቅጋሪ በፋናዬ ሻርፕ የጳውሎስን ጭን አጥብቆ አሰረ። እሷ በአንድ እጇ አፍንጫዋን ይዛ፣ በሌላው ስልክ ደወለች።

"ጋሼ" አለ ጳውሎስ ከንፈሩ ነጥቶ። "ፖሊስ ሲመጣ፣ ቁልቁለት ላይ ተንሸራቶ ነው ይበሉልኝ። ሽቦውን አያንሱብኝ። ሥራዬ ነው፣ ልጆች አሉኝ።"

ዋቅጋሪ ሻርፑን አጠበቀ።

ፖሊሷ ስትመጣ ግን ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገረ፤ ፋናዬ አስተረጎመች። ሽቦውን፣ ቡጢውን፣ እርግጫውን።

"ማርሽ ውስጥ የተውኩት እኔ ነኝ በያት።"

"ጋሼ፣ እሱ እኮ ነው ጎትቶ ያወረደዎት! ይሄስ ይቅር።"

"ንገሪያት አልኩሽ።"

ነገረቻት። ጳውሎስ የመጣው አምቡላንስ ቃሬዛ ላይ ተጋድሞ ይሰማ ነበር። ወደ አምቡላንሱ ሲያስገቡት ነርሷ፣ አብሮት የሚሄድ ቤተሰብ እንዳለ ጠየቀች።

"እዚህ አብሮት ማንም የለም" አለች ፋናዬ። ከዚያ ወደ ዋቅጋሪ ዞራ፣ "እርስዎም መታየት አለብዎት። ይምጡ፣ በእኔ መኪና እንሂድ" አለችው።

ዋቅጋሪ የመኪናዋን ቁልፍ ይዛ ስትጠብቀው አያት። ደም ተፋና፣ ጎኑን ደግፎ የአምቡላንሱን ደረጃ ወጣ።

"ውረድልኝ" አለ ጳውሎስ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

ዋቅጋሪ ከግርጌው ተቀመጠና የወንበሩን ቀበቶ አሰረ።