የሚደርስ ኮረሪማ

እቴቴ ካሚላ ዘንድ የሚደርስ ነገር የለም። ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ባለችው የቅመም ሱቃቸው አዲስ ኮረሪማ በመጣ ቁጥር፣ መጀመሪያ ከመደርደሪያው ላይ አንዲት አሮጌ የወተት ዱቄት ጣሳ ያወርዳሉ። ክዳኗን ከፍተው ያሸታሉ፤ ቀጥለው አዲሱን ፈልፍለው ያሸታሉ። ከዚያ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«አይደርስም» ይላሉ። «ግን ዘንድሮ ምን የሚደርስ አለ? ይግባ እንግዲህ።»

ጣሳዋ ውስጥ ያለው ሟቹ ባላቸው ጋሽ ሀያቱ ለመጨረሻ ጊዜ ከቦንጋ ያመጡት ኮረሪማ ነው። ሌላው ሁሉ የሚመዘነው በሱ ነው። ነገሩ በሰፈሩ ስለታወቀ፣ ጎረቤት ነጋዴዎች ኳስ ተጫዋቹንም አዲሱን ሙሽራም «የእቴቴ ጣሳ ጋ አይደርስም» እያሉ ይሳሳቃሉ። ቀልዱ የማያስቃት ምራታቸው ሀፍሷ ብቻ ናት። ምን ታድርግ፤ የምትመዘነው እሷ ናት።

ሀፍሷ የእቴቴን ልጅ ሙናዊርን አግብታ እዚያ ሱቅ ከገባች ጀምሮ መፈልፈሉንም፣ ማሸጉንም፣ ደንበኛ መያዙንም ተክናበታለች። የቀራት መግዛቱ ነው። ቅመም ቤት ውስጥ ደግሞ ባለቤት የሚባለው የሚገዛው ሰው ነው፤ የሚሸጥማ ሞልቷል። እቴቴም ቁርጡን ነግረዋታል፤ «የሚደርስ ያመጣሽ ቀን ግዢው ያንቺ ነው።» እሷ እየመረጠች ታስመጣለች፤ እሳቸው አይደርስም ይላሉ። በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆና መኖር አንገሽግሿታል።

አንድ ቀን እቴቴ ለቅሶ ሊደርሱ ሲወጡ፣ ሀፍሷ ጣሳዋን አወረደች። ያን ያህል ያስለፋት ሽታ ምን እንደሆነ ልታውቀው ፈለገች። ከፍታ አሸተተች። ደግማ አሸተተች። ምንም የለም። አንዲት ፍሬ በጥርሷ ብትሰብር እንጨት እንጨት አላት። የጋሽ ሀያቱ ኮረሪማ ሽታው ከጠፋ ቆይቷል። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው የሚባለው ለካ ለቅመምም ይሠራል።

ቀጥላ ያደረገችው የሚያስመሰግናት አይደለም፤ እሷ ቦታ ሆኖ ግን የማያደርገው ማነው? አሮጌውን በወረቀት ጠቅልላ ደበቀች። በምትኩ ያን ሰሞን ራሷ መርጣ ካስመጣችው ጆንያ ፈልፍላ ጣሳዋን ሞላች። የእቴቴ ዓይን ደክሟል፤ አፍንጫቸው ግን ደህና ነው። ኮረሪማው ከራሱ ጋር ሲተያይ መቼም አያንስም ብላ ነው።

በማግስቱ እቴቴ ጆንያውን ሊያዩ ጣሳዋን አውርደው ከፈቱ። ሽታው ሱቁን ሞላው። እጃቸው ክዳኑ ላይ ቀረ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ ከጆንያው አንዱን ፈልፍለው አሸተቱ፤ አኘኩም።

«አይደርስም» አሉ። ድምፃቸው ሰልሏል።

ሀፍሷ ልትስቅ ነበር፤ እንባዋ ቀደማት። ካንድ ጆንያ የወጣ ኮረሪማ ከራሱ አንሶ ተገኘ። ዕድሜዋን ሙሉ ብትለፋ የምትደርስበት ነገር እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባት።

«እቴቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «ጣሳዋ ውስጥ ያለውም የኔ ነው። ከዚሁ ጆንያ ነው የሞላሁት።»

እቴቴ ቀስ ብለው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። «የሀያቱስ? ጣልሽው?»

«አልጣልኩትም።» ሮጣ ጥቅሉን አመጣችና መዳፋቸው ላይ አኖረችው።

እቴቴ አላሸተቱትም። «ይሄ መሽተት ካቆመ ስንት ዘመኑ» አሉ። «ያላወቅኩ መሰለሽ?»

«ታዲያ ለምን...»

«አንድ ጊዜ ይደርሳል ካልኩ፣ ጣሳዋን ዳግመኛ ምን ብዬ አወርዳታለሁ? አይደርስም ባልኩ ቁጥር ሀያቱ አጠገቤ ቆሞ ደስ የሚለው ይመስለኛል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ጉረኛ ነበር።» ፈገግ አሉ። «ዛሬ ስከፍታት ሲሸተኝ ግን ደነገጥኩ። መጣ ብዬ። እንዲህ አርጅቼ ሊያየኝ ነው ብዬ።»

ሀፍሷ እግራቸው ሥር ቁጭ ብላ ጉልበታቸውን አቀፈች። እስከዚያች ቀን ትፈራቸው ነበር እንጂ ወዳቸው አታውቅም። እቴቴ በሻሿ ላይ ራሷን ዳበሷት።

«አንቺ ላይ ግን ግፍ ሠርቻለሁ» አሉ። «እሱን ቤት ውስጥ ለማቆየት ስል አንቺን በር ላይ አቆምኩሽ።»

ሳምንት ሳይሞላ አቅራቢው ማሙሸት አዲስ ጆንያ አስወርዶ መጣ። «እቴቴ፣ እንግዲህ ጣሳዋን ያውርዱና የተለመደውን ይበሉኝ» ብሎ ቀለደ።

እቴቴ ከመቀመጫቸው አልተነሱም። በአገጫቸው ወደ ሀፍሷ ጠቆሙት። «እሷን አነጋግር፤ ገዢዋ እሷ ናት።»

ሀፍሷ አንዱን ፈልፍላ አሸተተች። ይህን ቀን ስትመኝ ኖራ፣ ሲመጣ ጨነቃት። ወደ አማቷ ዞረች።

«ከየቱ ጋር ላስተያየው እቴቴ?»

«ካንቺው ጋር ነዋ» አሉ እቴቴ። «ባለፈው ካመጣሽው ጋር።»