ጥጃዋ ሥር የበቀለው አረንጓዴ

«ሬዲዮ» ብለው ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ሞኙ እሱ ሙገሳ መስሎት ወደደው። ዋሻ አስጎብኚ ነው። በመጨረሻው ክፍል ግድግዳ ላይ የጥንት ሰዎች በቀይ አፈር የሳሏት ጥጃ አለች። ሬዲዮ እዚያ ሲደርስ ማብሪያውን ቀጭ ያደርጋል፣ ፊቱን ወደ እንግዶቹ ያዞራል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ከዚያ በኋላ እግዜር ይሁናችሁ! ከጥጃዋ ይነሳና በአያቱ ላም አድርጎ የጉልበቱ ሕመም ላይ ይደርሳል። መብራቱ የሚጠፋው እሱ ሲጨርስ ነው።

ታዲያ አንድ ሰሞን ከጥጃዋ እግር ሥር አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ለአለቃው ይናገራል። ሬዲዮ ግን ወሬ አገኘ! «ይኸው፣ ሣር በቀለላት፤ ልትግጥ ነው» እያለ ንግግሩን አስረዘመው። እንግዶች ሳቁ፣ እሱም ልቡ አበጠ፣ አረንጓዴውም ሰኮናዋን ነካ።

ይሄኔ አለቃው ደንግጦ የድንጋይ ቅርስ የምታክም ባለሙያ አስጠራ። ወጣቷ ሁሉንም ክፍል አይታ ጥጃዋ ጋ ቆመች።

«ሣር አይደለም፤ አንድ በአንድ በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ሕዋሳት ናቸው። በመብራቱ ብርሃን እያደጉ ድንጋዩ ላይ እንደ ቆዳ ይለጠፋሉ፤ ቀለሙንም ያበላሹታል። ሌሎቹ ክፍሎች ንጹሕ ናቸው። እዚህ መብራቱ ለምንድን ነው ይህን ያህል የሚቆየው?»

አለቃው ሬዲዮን አየው።

«ማብራሪያ ስለምሰጥ ነው፤ እንደ እንግዳው ይረዝማል» አለ ሬዲዮ።

«እንግዳው ምን በወጣው!» አለች ቲኬት ቆራጯ። «እንዳንተ ነው እንጂ!»

ባለሙያዋ ሳቋን ዋጠች። «ጋሼ፣ መብራቱ የሚበራበት ጊዜ ካላጠረ ክፍሉ ይዘጋል።»

ሬዲዮ ክው አለ። ያለ ጥጃዋ ምን ሊሆን ነው? ዋሻው ውስጥ የሚወደው እሷን ብቻ ነው። ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ቢነግራት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ስለፈልፍ ኖርኩ፤ አሁን ድንጋዩ ይንገርህ! የኛ ሳሎን እስካሁን ሣር አለማብቀሉ ይገርመኛል።»

«አንቺ ደግሞ» አለ።

አዲሱ ደንብ እንዲህ ሆነ፦ ወሬው በጨለማ፣ መብራቱ ለአፍታ፣ መብራቱ ሲበራ አፍ ዝግ። በመጀመሪያው ቀን ሬዲዮ በጨለማው ያለውን ወሬ ሁሉ ተናገረና ማብሪያውን ቀጭ አደረገ። ልማድ ነውና አፉን ከፈተ፤ ሰኮናዋ ትዝ ሲለው መልሶ ዘጋው። ከንፈሩን ነክሶ ቆመ። ጉድ እኮ ነው፣ ዋሻው ውስጥ ውሃ ይንጠባጠባል ለካ!

ከእንግዶቹ መካከል አንዲት እናት በቀስታ «ውይ፣ እናቷን እየጠራች ነው እኮ!» አሉ።

ሬዲዮ ዞረ። ጥጃዋ ጭራሽ አላጎነበሰችም። አንገቷን ወደ ኋላ ጠምዝዛ፣ አፏን ከፍታ ትጣራለች። ያን ሁሉ ዓመት «እወዳታለሁ» ሲል፣ ለካ ጀርባውን ሰጥቷት ነው የኖረው። ሣር ትግጣለች ያለውም እሱ ነው! አፈረ።

መብራቱን አጠፋ። ቡድኑ በጨለማው ወሬውን ጠበቀ።

«አስጎብኚያችን፣ አሉ?» አለ አንዱ።

«አለሁ» አለ ሬዲዮ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም።