የእሜቴ አንገት

አባቴ ላሚቱን «እሜቴ» ነው የሚላት። እናቴን አርባ ዓመት ሙሉ «አንቺ» ብሎ የጠራ ሰው፣ ለላም ሲሆን ማዕረግ ተገኘለት። እናቴ ካረፈች ወዲህ በዚያ ግቢ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ስለሆኑ ግን አልፈርድበትም።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። እሱም ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የእንስሳት ሐኪም ረዳት ነበር፤ መርፌ አያያዝ ያስተማረኝ እሱ እንጂ ዩኒቨርሲቲው አይደለም። በዚያ ሳምንት መሥሪያ ቤቴ የሰፈሩን የወተት ላሞች በሙሉ ለከብት ቲቢ እንድመረምር ላከኝ። ሥራው ቀላል ነው፦ የእያንዳንዷ አንገት ላይ ትንሽ ጠጉር ይላጫል፣ የቆዳዋ ውፍረት ይለካል፣ ከዚያ እዚያው ቦታ የመመርመሪያ መርፌ ትወጋለች። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መለካት ነው። ቦታው ካበጠ በሽታው አለባት፤ በሽታው ያለባት ላም ትታረዳለች።

እሜቴንም ወግቻት በሦስተኛው ቀን ስሄድ አባቴ በረቱን አጥቦ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ጠበቀኝ።

«ዶክተር፣ እንዴት አደርሽ?» አለኝ። ዶክተር የሚለኝ ሊያሾፍብኝ ሲፈልግ ነው። ወይም ሲፈራ።

ለካሁ። ምንም እብጠት የለም። እውነቱን ለመናገር እንባዬ መጣ፤ ምን ብዬ እንደምነግረው ሳሰላስል ነበር የሰነበትኩት። ከደስታዬ ብዛት በሌላው ጎኗ ዞሬ አንገቷን አከክሁላት። ጣቶቼ እዚያው ቀጥ አሉ።

መዳፍ የማታክል፣ በአራቱም ማዕዘን እኩል የተላጨች፣ ጠጉሯ ገና በመብቀል ላይ ያለ ቦታ። እኔ የወጋኋት በግራ ነው። ይህ ቀኝ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በጥድፊያ አጣሞ ይላጭና አጥር ፋቃት ብሎ ያሳምነኝ ነበር። አባቴ ግን ሲያጭበረብር እንኳ አጣሞ መላጨት አያውቅበትም።

ተንኮሉን የሚያውቀው የሙያው ሰው ብቻ ነው። አንዴ የተወጋች ላም፣ በሽታው ቢኖርባትም፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ደግመው ቢወጓት ሰውነቷ ደንዝዞ ላያብጥ ይችላል።

«አባዬ፣ መቼ ወጋሃት?»

«ምኗን?»

«አባዬ!»

ባልዲውን ገልብጦ ተቀመጠበት። «ሃያ ቀን ሆናት።»

«ስንት አበጠ?»

«ብዙ።»

«ብዙ ቁጥር አይደለም።»

«አሥራ ሁለት ሚሊ።»

«የእህቴ ልጅ እኮ የሷን ወተት ነው የሚጠጣው!» ብዬ ጮህኩበት። አባቴ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ከዚያን ቀን ወዲህ ለማንም ጠብታ አልሰጠሁም። ለእህትሽ ነጥፋለች አልኳት። ወተቱን በረኪና እየጨመርኩ ጉድጓድ ውስጥ እደፋዋለሁ። በፊትም ቢሆን እህትሽ አፍልታ ነው የምታጠጣው። ሳይፈላ ከነአረፋው ስጠጣ የኖርኩት ሞኝ እኔ ነኝ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?»

«ለኔማ መድኃኒት አለኝ» አለና ከሸሚዙ ኪስ የኪኒን እሽግ አወጣ።

ሳሉ አልለቅ ሲለው ጤና ጣቢያ ሄዶ ኖሯል። ቲቢ ነው አሉት። ከየት አመጣሁት ብሎ ሲያስብ ነው እሜቴን የመረመራት። ለኔ ትንፍሽ አላለም።

«የያዘን አንድ በሽታ ነው» አለ እሽጉን እያገላበጠ። «እኔን ስድስት ወር ኪኒን ዋጥ፣ አይዞህ ትድናለህ አሉኝ። ነርሷ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገችኝ። እሷን ግን…»

መልሱን አላጣሁትም። ላምን አክሞ ማዳን አስተማማኝ አይደለም፤ በሽታው ተደብቆ ይቆይና ወደ ሌሎቹ ላሞች፣ ወደ ሰውም ይሻገራል። ይህን ለሌላ ባለላም ሺህ ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ለአባቴ ግን አፌ እምቢ አለኝ፤ የሁለቱ ፍርድ መለያየት እኔንም አሳፈረኝ።

ቅጹን አወጣሁ። ዜሮ ብዬ ብጽፍ ማንም አይጠይቀኝም፤ የለካሁት ዜሮ ነው። አባቴም ይህን ያውቃል። ጫማውን ጫማውን ያያል።

ብዕሬ እንደቆመ ቀረ።

«ጻፊ» አለ በመጨረሻ። «አሥራ ሁለት ብለሽ ጻፊ። ቀኑንም፣ ማን እንደወጋትም። ሕፃኑንም ዛሬውኑ አስመርምሪው።» «እኔ አልቻልኩም። አንቺ ቻይ።»

ጻፍኩ። እንደጨረስኩ ተነሥቶ እጁን ታጠበና እሜቴ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ግቷ ሞልቷል» አለኝ። «ሊወስዷት እስኪመጡ ድረስ አይመማት።»