«ሄደሽ ነይ»ን የሚያሰማ አዳፕተር

ሁለቱንም ጆሮዋን የደፈነች ልጅ፣ ባቡር ሲመጣባት በምኗ ትሰማዋለች?

እማማ ኪኑኤ ይህን ጥያቄ ጠዋት ጠዋት ለባለቤታቸው ፎቶ ያቀርባሉ። ታትሱዞ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ በሕይወት ሳለም ለጥያቄ ቶሎ የሚመልስ ሰው አልነበረም። ፎቶው ፊት ትኩስ ሩዝ በትንሽ ሳህን ያስቀምጡለታል፣ ይጠይቁታል፣ ጥቂት ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ወደ ኩሽና ተመልሰው የልጅቱን የሚሶ ሾርባ ያሞቃሉ።

ልጅቱ የልጃቸው ልጅ ሺዮሪ ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወላጆቿ ለሥራ ወደ አንድ የደቡብ ደሴት ሲዛወሩ፣ የጥርስ ሐኪም ረዳትነት ትምህርቷን እንዳታቋርጥ ታጂሚ ከተማ ከአያቷ ጋር ቀረች። በየቀኑ በባቡር ናጎያ ደርሳ ትመለሳለች። ከቤት እስከ ጣቢያው ሩብ ሰዓት ያስኬዳል፤ መሀል ላይ የባቡር ማቋረጫ አለ። እርግጥ ደወሉ ይጮኻል፣ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ዘንጉም ይወርዳል። እማማ ኪኑኤን እንቅልፍ የሚነሳቸው ግን ዘንጉ ከመውረዱ በፊት ያለው ቅጽበት ነው።

በዚያ ቤት አንድ ሕግ አለ። የሚወጣ ሰው ጫማውን አጥልቆ «ሄጄ እመጣለሁ» ይላል፤ የሚቀረው «ሄደሽ ነይ» ይላል። አገሩ በሙሉ የሚለው ነው፤ ሌላ ቤት አፍ ስለለመደው ይባላል፣ እዚህ ቤት ግን ካልተባለ በር አይከፈትም። ምክንያቱ ታትሱዞ ነው። የሞተ ዕለት ጠዋት የቤዝቦል ዜና ሲያዳምጥ ሚስቱ ሬዲዮኑን ቀነስ አደረጉበት። አኩርፎ ምንም ሳይል ወጣ። እሳቸውም በእልህ ምንም አላሉትም። እኩለ ቀን ላይ ከሸክላ ፋብሪካው ስልክ ተደወለ፤ እቶኑ አጠገብ እንደተቀመጠ ልቡ ቆሞ ነበር። ሐኪሙ የደም ሥሩ መጥበብ ከጀመረ ዓመታት እንዳለፉት ሥዕል ስሎ ጭምር አስረዳቸው። እማማ ኪኑኤ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት፣ ጎንበስ ብለው አመሰገኑት፣ አላመኑትም።

ሺዮሪ ሕጉን ታከብራለች፤ ችግሩ የምታከብረው ግማሹን ነው። የጫማዋን ማሰሪያ እያጠበቀች ሁለቱን ማዳመጫዎች ጆሮዋ ውስጥ ትሰካለች፣ ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብላ «ሄጄ እመጣለሁ» ትላለች፣ በሩን ገፍታ ትወጣለች። መልሱ ከጀርባዋ ይቀራል። አንድ ቀን እማማ ኪኑኤ ሊፈትኗት ብለው በ«ሄደሽ ነይ» ፈንታ ረጋ ባለ ድምፅ «ቤቱ እየተቃጠለ ነው» አሏት። ልጅቱ ሳትዞር እጇን አወዛወዘችላቸው።

ማዳመጫዎቹ እንደ ዓይኗ ብሌን የምትሳሳላቸው ናቸው። አንድ ሙሉ ክረምት ዳቦ ቤት ሠርታ የገዛቻቸው፣ ብርማ፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ገመድ ያላቸው። አዲሱ ስልኳ ግን የገመድ ቀዳዳ የለውም፤ ለጊዜው የምትሰማው በአሮጌው ነው። ስለዚህ መሀል የሚገባ ገመድ አልባ አዳፕተር ያስፈልጋል፤ የትኛው እንደሚሻል ለማወቅ ሺዮሪ ሁለት ወር ሙሉ ስታወዳድር ከረመች። እራት ላይ ወሬዋ ሁሉ እሱ ነበር፤ አንዱ ዘፈኑ ጸጥ ሲል ሽሽሽ ይላል፣ የሌላው ባትሪ ከሰዓት ሳይደርስ ይሞታል፣ ሦስተኛው የዘፋኝን ድምፅ ያቀጥናል። ይህን ሁሉ በማስታወሻ ደብተር ጽፋዋለች። አያቷ ደብተሩን በድብቅ አገላብጠው አንድ ነገር አጡበት። በማግስቱ ዓሣውን እያካፈሉ፣ ውጪ ያለ ሰው ሲጣራ የሚያሰማው የትኛው እንደሆነ ጠየቋት።

«አያቴ፣ የምገዛው እኮ እንዳይሰማኝ ነው» አለች ሺዮሪ።

በሚቀጥለው ረቡዕ እማማ ኪኑኤ ሁለት ጎድጓዳ የሩዝ ሳህኖችና አንዲት ትንሽ የእንጨት ዘንግ በጨርቅ ጠቅልለው፣ በባቡር ናጎያ፣ ከዚያም ኦሱ ወደሚባለው የገበያ ሰፈር ሄዱ። ሳህኖቹ የሥራ መሣሪያቸው ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት በሸክላ ፋብሪካው የመጨረሻዋ ፈታሽ እሳቸው ነበሩ፤ ከእቶን የወጣውን ሳህን ሁሉ አንድ በአንድ በዘንግ መታ አድርገው፣ ጤነኛውን ወደ ቀኝ፣ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያለበትን ወደ ግራ ይለዩ ነበር። ጤነኛው ይዘፍናል። የተሰነጠቀው ጭር ይላል። ከያዟቸው ከሁለቱ አንዱ የተሰነጠቀ ነው። ሌላ ሙያ የላቸውም።

ሱቁ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ወንዶች ተደርድረው፣ እያንዳንዱ የራሱን ማዳመጫ ከቦርሳው አውጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። የሚያወራ የለም። እማማ ኪኑኤ ለቅሶ ቤት የገቡ መስሏቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ኩዋባራ የተባለ ጥፍሩን አሳምሮ የቆረጠ ሻጭ ወጣት ቀርቦ ምን ልርዳዎት አላቸው።

«‹ሄደሽ ነይ›ን የሚያሰማ እፈልጋለሁ።»

ኩዋባራ ጎንበስ ብሎ፣ ያ ዓይነት ለጊዜው ያለቀ እንደሆነና መጋዘን እንደሚያጣራ ነገራቸው። ነገሩን ከሬዲዮኑ ጀምረው ሲያስረዱት ግን ወንበር ሳበላቸው። እንደ እሱ አባባል መንገዱ ሦስት ነው። አንደኛው ገመዱን ሳይነኩ ኮሌታ ላይ የምትቆነጠጥ ትንሽ ሣጥን መጨመር። ሁለተኛው ገመዱን ነቅሎ፣ ከጆሮ ጀርባ እንደ መንጠቆ የሚታጠፍ አዳፕተር ላይ ማዳመጫውን መግጠም፤ አንዳንዱ መንጠቆ የውጪውን ድምፅ የሚያስገባ ማይክሮፎንና ቁልፍ አለው። ሦስተኛው ያለውን ማዳመጫ ትቶ ከነጭራሹ ገመድ አልባ ሆኖ የተሠራውን መግዛት። እማማ ኪኑኤ ሦስተኛውን ወዲያው ጣሉት፤ ያን ያህል ዳቦ ጋግራ ያገኘችውን ጣይው ቢሏት ዓመቱን ሙሉ አታናግራቸውም።

«እንግዲያው መንጠቆዎቹን በሙዚቃ እንሞክራቸው፣ እናቴ። ምን ዓይነት ዘፈን ይወዳሉ?»

ዘፈን አያስፈልግም አሉትና ጨርቃቸውን ፈቱ። ከሁሉ ውድ የሆነውን መንጠቆ ጆሯቸው ላይ አደረጉ፣ የውጪውን ድምፅ ቁልፍ ተጫኑ፣ ሁለቱን ሳህኖች ተራ በተራ መቱ። ሁለቱም እኩል ዘፈኑ።

«ይሄ ውሸታም ነው» አሉ፤ አውልቀው በክብር መለሱለት።

ሁለተኛውም ዋሸ። ሦስተኛው፣ በመደርደሪያው ታችኛ ረድፍ የነበረው፣ አንዱን አዘፍኖ ሌላውን ጭር አደረገው። ይሄኔ ጠረጴዛው ዙሪያ ዓይን የጨፈነ አልነበረም። ከመካከላቸው አቶ ኡሺዳ የሚባሉ ግራጫ ካፖርት የለበሱ ሰው ተነሥተው መጡ። ስለ ማዳመጫና አዳፕተር የሚጽፉትን ንጽጽር በኢንተርኔት ብዙ ሰው የሚያነብላቸው፣ ሻጮቹ ሳይቀሩ የሚፈሯቸው ሰው ናቸው። ሳህኖቹን ያለ ምንም መሣሪያ፣ በባዶ ጆሮ ይስሙ ተባሉ። ሦስት ጊዜ ተመታላቸው፣ ሦስቱንም ጊዜ የተሰነጠቀውን ሳቱ።

«ገና አልተሟሹም» አሉ አቶ ኡሺዳ። አዲስ ማዳመጫ መቶ ሰዓት ሳይዘፈንበት ድምፁ እንደማይከፈት፣ ሸክላም ያው ሳይሆን እንደማይቀር አብራሩ። እማማ ኪኑኤ ሳህኖቹ ከሺዮሪ እናት በዕድሜ እንደሚበልጡ ሊነግሯቸው አስበው፣ ሰውየውን በሰው ፊት ላለማሳፈር ሳህኖቹን ወደ ጨርቃቸው መለሱ።

መንጠቆውን ከመጠቅለሉ በፊት ኩዋባራ አንድ ዘፈን ብቻ ይስሙ ብሎ ለመናቸው፤ ሙዚቃ ሳይሰሙበት መሸጥ ነውር ሆኖበት ነበር። ታትሱዞ ይወደው የነበረ አሮጌ ዘፈን ከፈተላቸው። ያን ዘፈን ከኩሽና ሆነው፣ በግድግዳ፣ በድስት ክዳንና በታትሱዞ ሳል በኩል ሺህ ጊዜ ሰምተውታል። አሁን ግን መጀመሪያ ጸጥ አለ። ከዚያ ሴትዮዋ ከመዝፈኗ በፊት ትንፋሽ ሳበች። እዚሁ፣ ጆሯቸው ሥር።

«ይቺ ሴት ደረቷን ብርድ መቶታል» አሉ እማማ ኪኑኤ ደንግጠው።

የለም፣ ሁሉም ዘፋኝ ይተነፍሳል አላቸው ኩዋባራ። አላመኑትም፤ እንደገና እንዲከፍትላቸው አዘዙት። ወደ ታጂሚ የሚሄዱ ሦስት ባቡሮች አመለጧቸው።

ሺዮሪ ስጦታውን ስታይ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አያቷን አቀፈች። በማግስቱ ጠዋት ብርማ ማዳመጫዎቿን መንጠቆው ላይ ገጠመች፣ ቁልፉን ተጫነች፣ «ሄጄ እመጣለሁ» አለች። «ሄደሽ ነይ» አሏት። ልጅቱ ዞር ብላ «ሰማሁ» አለች። እማማ ኪኑኤ ኩሽና ገብተው፣ ምንም የተከተፈ ሽንኩርት በሌለበት፣ ዓይናቸውን ጠረጉ።

እንግዲህ የተከፈተ ጆሮ ለሁለት ቃል ብቻ አይከፈትም። መሰማታቸውን ካወቁ ወዲያ እማማ ኪኑኤ «ሄደሽ ነይ» ላይ ዣንጥላውን ጨመሩ፤ በማግስቱ ሹራቡን፤ ሦስተኛው ቀን ማቋረጫው ጋ ግራ ቀኝ ማየትን፣ ካየች በኋላ ደግማ ማየትን፣ ስትደርስ መደወልን። ምክሩ ከበር ተነሥቶ የግቢው መዝጊያ ድረስ ይከተላት ጀመር። ሺዮሪ መንገድ ከገባች በኋላም፣ አያቷ ልጅቷ መክሳቷንና የሚጠይቃት ወንድ አለመኖሩን ለጎረቤት ሲያወሩ፣ ጥርት ብሎ ተሰማት። መሣሪያው ውሸታም አልነበረም።

በአራተኛው ቀን መንጠቆውን አውልቃ ምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። መነጽሯ ጆሮዋ ላይ ነው፣ የአፍ መሸፈኛዋ ላስቲክ ጆሮዋ ላይ ነው፣ መንጠቆውም ጆሮዋ ላይ ነው፤ ቆስያለሁ አለች። ኮሌታ ላይ የምትቆነጠጠውን ሣጥን ቀድሞውኑ አዝዛ ነበር።

«አያቴ፣ በጣም ጥሩ ነው። ጆሮዬ ግን ቦታ የለውም» አለቻቸው፤ ዓይናቸውን አላየችም። መንጠቆው እንዳይባክን ብላም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘመኗ ትሰማባቸው የነበሩትን ማዳመጫዎች ገጥማ ሰጠቻቸው።

እማማ ኪኑኤ የተቀበሉት ላለማባከን ነበር። መጀመሪያ ልብስ ሲያጣጥፉ ብቻ፣ የውጪውን ድምፅ ቁልፍ ከፍተው። ቁልፉ ሲዘጋ የሴትዮዋ ትንፋሽ ይበልጥ እንደሚጠራ ግን ሳይታወቃቸው አልቀረም፤ ለአንዲት ዘፈን ብለው ዘጉት። ረቡዕ ረቡዕ ኦሱ መሄድ ጀመሩ። አቶ ኡሺዳ አጠገባቸው ወንበር ይይዙላቸዋል፤ አዲስ የመጣ ነገር ካለ እማማ ኪኑኤ ሰምተው ‹ይዘፍናል› ወይም ‹ጭር ይላል› ካላሉት በቀር አይጽፉበትም። እራት ላይ አሁን የሚያወሩት እማማ ኪኑኤ ናቸው። ሣጥኗ ገመዱን በካፖርት እንደምታሻሽ፣ መንጠቆው ግን ከባትሪው በቀር ምንም እንከን እንደማይወጣለት፣ የጆሮው ጎማ በግማሽ ቁጥር ቢያንስ ዘፋኟ ከኩሽና የምትዘፍን እንደምትመስል ይተነትናሉ፤ ፎቶው ፊት ያለው ሩዝ አንዳንድ ቀን ቀዝቅዞ ይቀርባል።

«ማቋረጫው ጋ ታወልቂዋለሽ አይደል?» አለቻቸው ሺዮሪ አንድ ማታ፣ ቾፕስቲኳን አስቀምጣ።

«ዘንግ አለው እኮ» አሉ እማማ ኪኑኤ።

ልጅቱ እየሳቀች አልነበረም። ነገሩን መልሳ ማንሣት አልፈለገችም እንጂ፣ ከዚያ ወዲህ ረቡዕ በመጣ ቁጥር እስኪደውሉላት ክፍል ውስጥ ስልኳን ጭኗ ላይ ይዛ ነው የምትማረው።

የኅዳር ሁለተኛው ረቡዕ ሺዮሪ ትምህርት አልነበራትም። ውጪ ያካፋል። እማማ ኪኑኤ መግቢያው ጋ ተቀምጠው ጫማቸውን አጠለቁ፤ ሳህኖቹን ጠቅልለው ጎናቸው አስቀምጠዋል። አቶ ኡሺዳ ከሌላ ከተማ ከመጡ ሁለት ሰዎች ጋር ሊያስተዋውቋቸው ነው። መንጠቆዎቹን ከጆሯቸው ጀርባ አጠፏቸው፣ የውጪውን ቁልፍ ዘጉ፣ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ከፈቱ።

በጫማ ሣጥኑ ላይ ባለው መስተዋት ልጅቱ ከኩሽና ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ስትቆም አዩዋት። ማንኪያ ይዛለች። አፏ ለሁለት ቃል ያህል ተንቀሳቀሰ፣ ተዘጋ፣ እንደሚጠብቅ ሰው ቆየ፤ ከዚያ ያንኑ ነገር ደግማ አለችው። ስለ ዣንጥላ ይሆናል አሉ እማማ ኪኑኤ በልባቸው፤ ዣንጥላውን አንሥተው በመስተዋቱ አሳዩዋት። ልጅቱ ‹አይደለም› በሚል ራሷን ነቀነቀች። ለሦስተኛ ጊዜ አፏን ስትከፍት አንድ እግሯ ከወለሉ ወርዶ በካልሲ የመግቢያውን እርጥብ ድንጋይ ረግጧል፤ እጇም ወደ እሳቸው ተዘርግቷል።

በዚያው ቅጽበት ግን ዘፈኑ ጸጥ አለ፤ ትንፋሹ የሚመጣበት ቦታ ነበር። እማማ ኪኑኤ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ትንሽ ጠበቁ፣ ሳህኖቻቸውን አቀፉ፣ በሩን ከኋላቸው ቀስ አድርገው ዘግተው፣ ምንም ሳይሉ ወጡ።