በዶሮ ቤት እስከ ኦስትሪያ

ራንገል የጭነት መኪና ሾፌር ልሁን ወይስ ይቅርብኝ እያለ አርባ ቀን ሙሉ አሰበ። አርባ ቀን የሚፈጅ ሐሳብ ያለው ወንድ ብቻ ነው። ሴት ብትሆን ድስቱ እስኪፈላ ወስና፣ ድስቱ ሲወርድ ተጸጽታ፣ ሳህን ስታጥብ ረስታው ነበር።

የጡብ ፋብሪካው ሐምሌ ላይ ተዘጋ። ሚስቱ ዝላትካ ቪዲን ከተማ ወርዳ ሸሚዝ ትሰፋለች፤ እሷንም ሥራ ቀዝቅዟል ብለው በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነው የሚጠሯት። ልጃቸው ኔዳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እግሯ ጫማ አያስገዛ እንደ ዱባ ያድጋል። ቤቱም ቢሆን የራንገል አይደለም፤ የዝላትካ እናት የእማማ ፔና ነው። ራንገል አግብቶ የገባ ሰው ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ኖሮበትም በሩን የሚከፍተው አንኳኩቶ ነው።

ሥራ ጠፍቶ አይደለም። ሁለት ነበረለት። ታች ሰፈር ያለው ባለ ላሙ ጾሎ ጋጣ የሚጠርግ ሰው ይፈልጋል፤ ክፍያው ዳቦና ማገዶ ከተገዛበት በኋላ ጨው ላይ የሚያልቅ ነው። ሌላውን ያመጣለት ጎረቤቱ ቦጎሚል ነው። ቦጎሚል ዐሥራ አንድ ዓመት ተሳቢ ነድቷል።

«ከወታደር ቤት ያመጣኸው የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ መሳቢያ ውስጥ ምን ያደርጋል? ይፈለፈልልህ ብለህ ነው?» አለው። «አለቃዬ ሰው ይፈልጋል። ስድስት ሳምንት መንገድ፣ አንድ ሳምንት ቤት። እስከ ጥቅምቱ የቅዱስ ዲሚታር በዓል መልስህን ስጥ።»

ደመወዙ የጾሎን ሦስት እጥፍ ነው። ሥጋ አለበት፣ የልጅ ጫማ አለበት፣ የሚያፈሰው ጣሪያ አለበት። ቤት ግን የለበትም። ራንገል «እስቲ ላስብበት» አለና ማሰብ ጀመረ። ሲበላም ያስባል፣ ሲያስብም ይበላል።

ለዲሚታር ዐሥራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት፣ አሮጌ ቦት ጫማውን በከረጢት ይዞ ጫማ ሰፊው ጋ ለመሄድ ተነሣ። እማማ ፔና ያን ጊዜ የመዳብ ባልዲያቸውን አጥበው ነበር። የመስኮቱ አበባ አንድ ቀንበጥ ውስጡ ወድቋል፤ አላዩትም። እጣቢያቸውን የሚደፉት ሁልጊዜ ደረጃው ላይ ነው፤ ማን ይከለክላቸዋል፣ ቤቱ የእሳቸው። ራንገል ከረጢቱን በትከሻው አድርጎ ሲወጣ፣ ውሃው ከነአበባው እግሩ ሥር ፏ አለ።

ከአጥሩ ማዶ ልብስ ስታሰጣ የነበረችው የቦጎሚል ሚስት ስቶይና ሁሉንም አየች።

«ወሰንክ በለኛ» አለች። «መልካም መንገድ፣ ራንገል። እንደ ውሃ ይፍሰስልህ።»

«ኧረ እትዬ ስቶይና፣ ጫማ ላሠራ ነው።»

«የመዳብ ባልዲ፣ በውሃው ውስጥ አበባ፣ በትከሻ ከረጢት። ሩቅ መንገደኛ የሚሸኘው እንዲህ ነው። ባሌን ዐሥራ አንድ ዓመት የሸኘሁ ሴት ነኝ። ሽኝት ልታስተምረኝ ነው?»

ራንገል ወደ እማማ ፔና ዞረ። እሳቸው ባዶውን ባልዲ አዩ፣ ቀጥሎም ስቶይናን አዩ። እጣቢ ነው ማለት ይችሉ ነበር። ግን እንዲያ ካሉ፣ ፔና እጣቢዋን ደረጃዋ ላይ ትደፋለች የሚለው ወሬ ምሳ ሳይደርስ ቤተ ክርስቲያን ይገባል። ከዚያ ይልቅ አማች ቢያጡ ይሻላቸዋል።

«ሸኝቼዋለሁ» አሉ።

ራንገል ወደ ቤት ሊመለስ እግሩን ሲያነሣ በሩን በትከሻቸው ሞሉት።

«ወዴት?»

«ወደ ቤት ነዋ፣ እማማ።»

«ውሃ ፈሶልህ? ውሃ የፈሰሰለት ሰው መንገዱን ሳይጨርስ ደፍ ከረገጠ የቤቱ በረከት ተገለበጠ ማለት ነው። ያ ማሪን የሚባለው ጎረቤታችን ውሃ ፈሶለት መነጽሬን ረሳሁ ብሎ ተመልሶ ገባ። በሳምንቱ ጭስ ማውጫው ፈረሰ፣ ላሟ ነጠፈች፣ የሚስቱ እናት ጓዟን ጠቅልላ ቤቱ ገባች።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው አልተለወጠም።

ራንገል የግቢውን በር አየ። ከዚያ ከወጣ ሾፌር ሆነ ማለት ነው፤ ስቶይና ምስክር ቆማለች። ቤት መግባት አይችልም። ስለዚህ ለአንድ ላልወሰነ ሰው የሚሆነው ቦታ ግቢው ብቻ ሆነ።

ከእንጨት ክምሩ አጠገብ የእማማ ፔና ሟች ባል ከቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ያመጣው የጭነት መኪና ጋቢና አለ። መሪ አለው፣ ሁለት ወንበር አለው፣ ሞተርና ጎማ የለውም። ዶሮዎች ያድሩበታል። ራንገል በሩን ከፍቶ አንዲቷን ዶሮ ገፋ አድርጎ ተቀመጠ።

«እንግዲህ ሄደሃል» አሉ እማማ ፔና። «የሄደ ሰው አይታይም።» ቤተሰቡም እንዳያየው አዘዙ። ዝላትካ ከንፈሯን ነክሳ ባልዲውንም እናቷንም አየችና «እሺ እማዬ» ብላ ገባች።

የመንገዱን ሒሳብ የያዘችው ስቶይና ናት። በየማለዳው አጥሩ ላይ ተደግፋ የደረሰበትን ትነግረዋለች። በመጀመሪያው ቀን የዳኑብ ድልድይ ላይ ሰልፍ ላይ ነው አለች። በሁለተኛውም ቀን እዚያው ነው።

«ዛሬም?» አለ ራንገል።

«ቦጎሚል አንዴ ሁለት ቀን ቆሟል። አንተ ከእሱ ምን ትለያለህ?»

በሦስተኛው ቀን ሩማኒያ ገባ። በአራተኛው ሃንጋሪ። ያን ቀን እማማ ፔና ከጋቢናው አምስት እርምጃ ርቀው በቆርቆሮ ምድጃ ላይ ለበረዶው ወራት የሚታሸግ ቀይ ቃሪያ ይጠብሱ ነበር። ሽታው ሃንጋሪ ድረስ መጣ።

«እማማ፣ አንድ ቃሪያ አይጣሉልኝም?»

እማማ ፔና አንዲት ዶሮ ላይ አፈጠጡ። «ሰው ያወራ መሰለኝ» አሏት። ከዚያ ሁለት ቃሪያ በዳቦ ጠቅልለው ጉቶው ላይ አስቀመጡና ለማንም ሳይሆን ለአየሩ «መንገደኛ ካለፈ ይብላው፣ የእኛ ቤት ሰው አያስርብም» ብለው ሄዱ።

ዝላትካ የምትደውልለት ከወጥ ቤቱ መስኮት ነው። ጀርባዋን ሰጥታው ትቆማለች፤ ድምፅዋ አንዴ በስልኩ፣ አንዴ በመስኮቱ ይደርሰዋል።

«የት ደረስክ?»

«እኔ ምን አውቄ። እትዬ ስቶይናን ጠይቂያት።»

«በልተሃል?»

«አንቺ ራስሽ ጉቶው ላይ ያስቀመጥሽውን ሳርዲን።»

«እኔ ምንም አላስቀመጥኩም። ሃንጋሪ ነህ» ብላ ዘጋችው።

ኔዳ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደረጃው ላይ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀምጣ ትደውላለች። ራንገል ከልጁ ጋር እንደዚያ አውርቶ አያውቅም። የሒሳብ አስተማሪው ጢም ላይ ሁልጊዜ ፍርፋሪ እንዳለ፣ ከጓደኛዋ ጋር ተጣልታ እንደታረቀች፣ ከጉድጓዱ ውስጥ ሰው ይጠራኛል ብላ እንደምትፈራ፣ ሁሉንም ነገረችው።

«ቤት እያለሁ ይህን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቤት እያለህ ታስብ ነበር» አለችው።

በስድስተኛው ቀን ዝላትካ እንጨት ልትፈልጥ ወጣች። መጥረቢያውን እንደ መጥረጊያ ነው የያዘችው። በሁለተኛው ምት መጥረቢያው ግንዱ ውስጥ ተቀረቀረ። እየረገጠች ትስበዋለች፣ አይወጣም። ራንገል በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አወጣ።

«ኦስትሪያ ነህ» አለች ስቶይና ከአጥሩ። «ከኦስትሪያ በአንድ እግር ይመጣል?»

እግሩን መልሶ አስገባ። ዝላትካ ግንዱን ከነመጥረቢያው አንሥታ ድንጋይ ላይ ስታፈርጠው ለሁለት ተከፈለ። እንጨቷን ታቅፋ፣ ወደ እሱ ዞር ሳትል ገባች።

ራንገል መጀመሪያ አዘነ። ቀጥሎ ሌላ ሳርዲን ከፈተ። በማግስቱ ደግሞ አንድ ነገር ሆነ፤ ቀኑ ከተጋመሰ በኋላ ነው የታወቀው። ከማለዳ ጀምሮ መስኮቱን አንድ ጊዜ እንኳ አላየም። መሪውን ይዞ የእንጨቱን ክምር ሲያይ ነው የዋለው። ጣሪያው ያፈሳል የሚለው የለም፣ እስቲ ንገረን ምን አሰብክ የሚለው የለም። ዶሮዎቹ ጥያቄ የላቸውም። ኔዳ ስትደውልለትም አንዴ ስልኩን አይቶ ትንሽ ቆይቼ አነሣዋለሁ ብሎ ነበር፤ ሳያነሣው ተቋረጠ። ቀና ሲል ደረጃው ላይ ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች፤ ጀርባዋን አየው።

ያኔ ፈራ። እስከዚያ ቀን የሚፈራው ቤቱ ይናፍቀኛል ብሎ ነበር። እንደማይናፍቀው ግን ማን ነግሮት።

በስምንተኛው ቀን እውነተኛው ሾፌር ቦጎሚል ከእውነተኛው መንገድ ተመለሰ። ተሳቢውን መንገድ ዳር አቁሞ፣ ቤቱ ሳይገባ፣ አጥሩ ላይ መጥቶ ራንገልን አየው። ይስቅብኛል ብሎ ራንገል አንገቱን ቀበረ። ቦጎሚል አልሳቀም። አጥሩን ዘለለ፣ የጋቢናውን ሌላ በር ከፈተ፣ ዶሮዋን አቅፎ ወደ ኋላ አሳለፋትና ተቀመጠ።

«ወንበሩ ወደ ኋላ ይወርዳል?»

«ይወርዳል። ግን ሰውዬ፣ ሚስትህ ምግብ ሠርታ...»

ቦጎሚል ወንበሩን አወረደው፣ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ጣለ፣ ሳይጨርስለት አንኮራፋ። ተኝቶ እንኳ ቀኝ እጁ የማርሹን ዘንግ ይፈልጋል፤ ዘንጉ በሌለበት ቦታ የአንዲት ዶሮ አንገት አገኘና እሱን ያዘ። ዶሮዋም ዝም አለች።

ስቶይና አጥሩ ላይ ቆማለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የት እንደደረሱ አልተናገረችም።

«የእኛ አልጋ አይንቀጠቀጥም ይላል» አለች ቀስ ብላ። «ቤት በሚሆንባት ሳምንት እየወጣ መኪናው ውስጥ ነው የሚተኛው። ምግብ እወስድለታለሁ፤ መስኮቱን አንኳኩቼ።» ከዚያ ያልደረቀውን ልብሷን ከገመዱ ሰብስባ ገባች።

ራንገል ስልኩን አወጣ። ዝላትካ መስኮቱ ላይ ድንች ትልጣለች።

«መመለስ እፈልጋለሁ» አላት።

«ከኦስትሪያ?»

«ከኦስትሪያ።»

«ጫማውን አሠራኸው?»

«የቱን ጫማ?»

«ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ነዋ። ውሃው ሲፈስ ወዴት ነበር የምትሄደው? ጫማ ሰፊው ጋ። እንግዲያ መንገድህ እሱ ነው። ሂድ፣ አሠራ፣ ተመለስ፤ መንገዱ አለቀ፣ ቤትህ ትገባለህ።»

ራንገል ከረጢቱን አየው። እግሩ ሥር ነው ያለው። አንዲት ዶሮ እንቁላል ጥላበታለች።

«ይህን መቼ ነው ያወቅሽው?»

«እማዬ ባልዲውን እንደያዘች።»

«ስምንት ቀን ዶሮ ቤት አስቀምጠሽኝ?»

«አንተ አርባ ቀን አሰብክ። እኔ ስምንት ቀን ባስብ ምን አጠፋሁ?»

«አስበሽስ?»

ድንቹን አስቀመጠችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ወደ እሱ አዞረች፤ ስልኩ ግን ከጆሮዋ አልወረደም።

«እኔ እችለዋለሁ። እንጨቱንም እፈልጣለሁ፣ ጣሪያውንም እወጣለሁ። ያልወደድኩት አንተም ስትችለው ማየቴን ነው። የቀረውን አንተ ታውቃለህ፤ በጾሎ ገንዘብ ሥጋ እንደማንበላም ታውቃለህ» አለችና ዘጋችው።

ራንገል እንቁላሉን ቦጎሚል ኪስ ውስጥ አስቀምጦ፣ ከረጢቱን ይዞ፣ በግቢው በር ወጣ። ማንም መልካም መንገድ አላለውም።

ጫማ ሰፊው ቬልቾ ቦቱን ገልብጦ እንደ ሐኪም መረመረው።

«ሶሉ አልቋል። ስስ ላድርግልህ ወይስ ወፍራም?»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ሾፌር ስስ ነው የሚያስደርገው፣ ፍሬኑ እንዲሰማው። ወፍራሙ ለጋጣ ነው፤ እበት ያሳልፋል ብለህ አትፈራም። ለሁለቱም የሚሆን ሶል የለኝም፤ ኋላ መጥተህ እንዳትጣላኝ።»

ራንገል ቆመ። የኔዳን ጫማ አሰበ፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ አሰበ፣ ከነገ ጀምሮ የሚበላውን ባቄላ በአንድ በአንድ አሰበ። ከዚያ ጢሙ ላይ ፍርፋሪ ያለበትን አስተማሪና አይቶ ያላነሣውን ስልክ አሰበ። ይህን ሁሉ ሲያስብ ቬልቾ ገና መዶሻውን አላነሣም ነበር።

«ወፍራም» አለ።

«እበት ከገባበት ሽታው አይለቅም።»

«ይሁን።»

ሲመለስ እማማ ፔና ደረጃው ላይ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል።

«ከየት ነው?»

«ከጫማ ሰፊው፣ እማማ። መንገዴን ጨርሻለሁ።»

አንዱን ቦት አስነሡት፣ ሶሉን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። የሦስት እጥፉ ደመወዝ ከፊታቸው ሲያልፍ የሚታይ ይመስል ነበር።

«ስለዚህ ዘንድሮ ሥጋ በበዓል በበዓል ብቻ ነው» አሉ።

«በዓሉንም እናያለን።»

«ከነገ ጀምሮ ትሸታለህ። እግርህን ደፉ ላይ ጥረግ።» ከበሩ ዞር አሉለት።

ከውስጥ ኔዳ «አባዬ፣ ጉድጓዱ ዛሬም ጠራኝ» ስትል ይሰማል፣ ያለ ስልክ። ራንገል እግሩን ጠርጎ ገባ።

እማማ ፔና ደረጃው ላይ ቀሩ። ቦጎሚል አሁንም ጋቢናው ውስጥ ያንኮራፋል። ስቶይና በአጥሩ ቀዳዳ አንገቷን ብቅ አድርጋ ታየዋለች።

«ምን ታያለሽ?» አሏት። «ባልሽ ሳምንቱን ሙሉ ከዶሮዎቼ ጋር በነፃ የሚተኛ መስሎታል? አንድ ጋሪ የተፈለጠ እንጨት። ሲነቃ ንገሪው።»

«እሺ፣ እማማ ፔና» አለች ስቶይና። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ሾርባውን በእናንተ በኩል ላምጣለት ወይስ በአጥሩ ላሳልፈው?»

«በእኛ በኩል አምጪው» አሉ እማማ ፔና። «ደግሞ ሁለት ማንኪያ ያዢ። እዚያ ሁለት ወንበር አለ።»