ደህና ነን ባሉት ቁጥር

፩

ድው።

ድው ድው።

(ባዶ።)

ድው።

እንዲህ ነው የሚያደርገው። መሃል ላይ ያለችውን ባዶ ቦታ አደራ እዩልኝ፤ ይበልጣል የሚፈራው መምታቱን ሳይሆን እሷን ነው። ልቡ ዘልሎ ዘልሎ አንድ ጊዜ ቀጥ ይላል፤ እሱም «አሁንስ አበቃልኝ» ይላል፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል።


፪ ማን ነው እሱ?

ይበልጣል የደምበጫ ልጅ ነው፤ ገና ሠላሳ አልሞላውም። አዳማ ውስጥ፣ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። ሐኪሙ የታካሚውን አፍ በጄሶ ቀርጾ ይልክለታል፤ እሱ ጥርሱን ሠርቶ ይመልሳል። የብዙ ሰው አፍ ያውቃል፤ ባለቤቶቹን ግን አያውቃቸውም። መንገድ ላይ አንዱ ፈገግ ሲል «ይሄማ የኔ ሥራ ነው» ብሎ ደስ ይለዋል። ሰውየው ግን ፈገግ ያለው ለሌላ ሰው ነው።

አይጠጣም፣ አያጨስም፣ አይቅምም። ደረጃ ሲወጣ አያለከልክም። ጤነኛ ነው እንግዲህ። ብቸኛ ነው ብዬ ልጨምርበት? ልጨምር። በጣም ብቸኛ ነው።


፫ ሊሆን የሚችል ምክንያት፦ ማኪያቶ

መጠጣቱን ተወው። ራሱን አመመው እንጂ ልቡስ እንደ ልማዱ ነው።


፬ ሊሆን የሚችል ምክንያት፦ ደም ማነስ፣ እንቅርት፣ የውሃ ጥም፣ እንቅልፍ ማጣት

ዶክተር ፍሬሕይወት የምትባል ወጣት ሐኪም ዘንድ ሄደ። ደረቱ ላይ ሽቦ ለጣጥፋ ልቡን አየችው፤ ደም አስቀዳችው፤ አንገቱን ዳበሰችው። ውሃ ትጠጣለህ ወይ፣ ትተኛለህ ወይ፣ ከቤተሰብህ በልብ ሕመም በድንገት የሞተ አለ ወይ እያለች ጠየቀችው። ለሁሉም መለሰ። ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን አገላብጣ ምንም የለብህም አለችው። ራስህን ብትስት ወይም ደረትህን ቢወጋህ ግን ሳትውል ሳታድር ና ብላ አስጠነቀቀችው።

አንባቢ፣ እዚህ ላይ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። አልተደሰተም። የታመመ ሰው ጠያቂ አለው፤ ብርቱካን ይዘው ይመጡለታል። ምንም የሌለበትን ማን ይጠይቀዋል?


፭ ሊሆን የሚችል ምክንያት፦

(ይህኛው ይቆየን። እሱ ያውቀዋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።)


፮ መርዶ እንዴት ይነገራል

ብቻህን አትሂድ። ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ በማለዳ ድረስበት። ነጠላ ልበስ። የሚያከብረውን አንድ ሽማግሌ አስቀድም፤ ሲወድቅ የሚይዙት ጉልበት ያላቸው ሰዎችም አትጣ።

እስከዚያች ጠዋት ድረስ ግን አፍህን ያዝ። ቢደውል «ደህና ናቸው» በለው። ፈተና ካለበት ይፈተን፤ መንገደኛ ከሆነ ይግባ፤ እርጉዝ ከሆነች ትገላገል። ቢቀልድ ሳቅለት። ይህ ውሸት አይባልም፤ ማዘን ነው የሚባለው።

ይህን ሥርዓት ያወጡት ሰዎች ደጎች ነበሩ። አንድ ነገር ብቻ ረስተዋል። የተነገረው ሰው ከዚያ ወዲያ «ደህና ናቸው» የሚለውን ቃል በየትኛው ጆሮው ይስማው?


፯

አባቱ ሲሞት ይበልጣል ጅማ ይማር ነበር፤ የመጨረሻው ፈተና ላይ ነው። ታናሽ እህቱ አትጠገብ ትደውልለታለች። አባስ ሲላት እርሻ ወርዷል ትለዋለች። ሌላ ጊዜ በሬ ጠፍቶበት ሊፈልግ ሄዷል አለችው። እሱም፣ አባ በሬውን ከሚፈልገው በሬው አባን ቢፈልገው ይቀላል ብሎ ቀለደ። አትጠገብ ሳቀች።

ሳቀች።

«በይ ለአባ ሰላም በይልኝ» አላት።

«እሺ፣ እለዋለሁ።»

አባ ያን ጊዜ ከተቀበረ ሰንብቷል። ፈተናው ባለቀ ማግስት ጠዋት የመኝታ ክፍሉን በር ሲከፍት፣ ነጠላ የለበሱ ያገሩ ልጆችና አንድ መምህሩ ቆመው አገኛቸው። ማንም ምንም ሳይናገር አወቀ።

አትጠገብን አልተቀየማትም። እሷም የታዘዘችውን ነው ያደረገችው፤ ደግሞስ ያን ሳቅ ስትስቅ ምን ያህል እንዳመማት እሱ አይጠፋውም። ግን ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ነውና፣ አንዴ የተጣለ ሰው መጫኛ ባየ ቁጥር ይደነብራል።


፰ ከስልክ የተቀዳ

አትጠገብ፦ አቤት፣ ወንድምጋሼ።

ይበልጣል፦ እንዴት ናችሁ?

አትጠገብ፦ ደህና ነን፤ ሁላችንም ደህና ነን።

ይበልጣል፦ (ድው።) እማስ?

አትጠገብ፦ ደህና ናት። ጠበል ሄዳለች።

ይበልጣል፦ ባለፈውም ጠበል ነበረች።

አትጠገብ፦ ባለፈውማ ማኅበር ነው የነበረች። አንተስ፣ ደህና ነህ?

ይበልጣል፦ (ድው ድው።) ደህና ነኝ።

አትጠገብ፦ እህ።

ይበልጣል፦ በይ ለእማ ሰላም በይልኝ።

አትጠገብ፦ እሺ፣ እላታለሁ።

(ባዶ።)


፱ ሊሆን የሚችል ምክንያት፦ (እንደገና)

ተመልሶ ዶክተር ፍሬሕይወት ዘንድ ሄደ። ሁለተኛ ስታየው ሽቦዋን አላነሳችም። ወንበሯን ወደ እሱ ሳበችና ሲጀምርህ ምን እያደረግህ ነው አለችው።

«ስልክ እያናገርኩ።»

«መጥፎ ወሬ ይነግሩሃል?»

«አይ። ደህና ነን ነው የሚሉኝ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እሷም ያገር ልጅ ናትና ብዙ አላስረዳትም። ልብ ራሱ ሳይታመም በፍርሃት ብቻ እንዲህ ሊሆን እንደሚችል፣ ይህም የምር ሕመም እንጂ ቅዠት እንዳልሆነ ነገረችው። ይህን የሚያክም ሰው ዘንድ ልትልከው እንደምትችልም ጨመረች። ከዚያ፣ ያለህበት አካባቢ የምታዋየው ሰው አለ ወይ ስትለው፣ ብዙ ሰው አለ አላት። የጥርሶቹን ባለቤቶች መቁጠሩ ነበር።


፲ አንባቢ ይጠይቃል፦ ታዲያ ለምን አውቶቡስ ተሳፍሮ አይሄድም?

ስላልተነገረው ነዋ። እስካልተነገረው ድረስ እናቱ አለች፤ ጠበል ሄዳም ቢሆን አለች። ደምበጫ ደርሶ የግቢውን በር ሲከፍት ግን ወይ ትኖራለች ወይ አትኖርም።

እንዲያውም ሌላ ዘዴ ዘየደ። ማልዶ መውጣት ጀመረ። መርዶ ነጋሪ ማለዳ ነው የሚመጣው፤ ቤቱ ካላገኘው አይነግረውም። ግቢው ውስጥ የተከራዩ ሰዎች ሲያልፍ ሰላም ይሉታል፤ እሱም ሳይቆም «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላቸዋል። አምሽቶ ይገባል፤ በሩን ይዘጋል። እጁን ልቡ ላይ አድርጎ ይተኛል፤ ሌላ የሚይዘው እጅ የለውም።


፲፩

እንግዲህ አንድ ቀን ከሱም ቀድመው ማለዱበት።

በሩ ተንኳኳ። ከፈተ። አከራዩ እትዬ ብርቄ ነጠላ ለብሰው ቆመዋል። ከጎናቸው የባቡር ጡረተኛው ጋሽ ደቻሳ በጋቢ። ከኋላ ሁለት ሴቶች፣ እነሱም ነጠላ።

ማንም ምንም ሳይናገር አወቀ።

«እማ!»

ወደቀ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ ይኸው ጮኸ። እትዬ ብርቄ «ወየው ልጄን!» ብለው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ሁለቱ ሴቶች ደረታቸውን መቱ። ጋሽ ደቻሳ ጉልበታቸውን እያመማቸው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አሉና ራሱን ታፋቸው ላይ አስቀመጡት። ከየክፍሉ ሰው ፊቱን ሳይታጠብ ወጣ። ማን እንደሞተ የጠየቀ የለም፤ ለቅሶ ላይ አይጠየቅማ። ግቢው በሙሉ አይቷት ለማያውቃት ለአንዲት የደምበጫ ሴት አለቀሰላት። እትዬ ብርቄ ደግሞ እግረ መንገዳቸውን የራሳቸውንም ሟች ጨምረው አለቀሱ።

ይበልጣል ለአባቱ እንኳ እንዲህ አላለቀሰም። ያን ጊዜ የቀለደው ቀልድ አንቆ ይዞት ነበር።

ትንሽ ጋብ ሲል ጋሽ ደቻሳ ጎንበስ ብለው በጆሮው ጠየቁት።

«በስልክ ነው የነገሩህ፣ ልጄ?»

«ምኑን?»

«የእናትህን።»

ቀና ብሎ አያቸው። «እናንተ አይደላችሁ እንዴ ልትነግሩኝ የመጣችሁ?»

(ባዶ።)

(ባዶ።)

«እኛማ» አሉ እትዬ ብርቄ፣ ነጠላቸውን እንደተዘቀዘቀ ይዘው፣ «አንተን ልንጠይቅህ ነው የመጣን።»


፲፪ ለምን እንደመጡ

አትጠገብ ደውላላቸው ነው። አንድ ሰሞን ስልኩ ተሰብሮ በእትዬ ብርቄ ስልክ ወደ ቤት ደውሎ ነበር፤ ቁጥሩ እዚያ ቀርቷል። እናቲቱ፣ ስለ ልጄ የደበቃችሁኝ ነገር አለ፤ ድምፁ የበሽተኛ ድምፅ ነው፤ ደህና ነኝ ባለኝ ቁጥር ልቤ ይመታል ብለው ስልኩን አልይዝም ካሉ ሰነባብተዋል። አትጠገብ ይህን ብነግረው ይጨነቃል ብላ ጠበል ትላለች፣ ማኅበር ትላለች። በመጨረሻ ሲቸግራት እባክዎ እትዬ፣ ወንድሜን በዓይንዎ አይተው እውነቱን ይንገሩኝ አለቻቸው።

ማለዳ የመጡት ከዚያ በኋላ ስለማይገኝ ነው። ነጠላው ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ ነው። ብዙ ሆነው የመጡትስ? አንድ ሰው ብንልክ ደህና ነኝ ብሎ ይሸኘዋል ብለው ነው።

ይበልጣል ይህን ሁሉ ሰማ፤ አላመነም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። መርዶ ነጋሪም ሲጨንቀው እንዲህ ያለ ታሪክ ያመጣል።

«እንግዲያው ደውላ» አሉት ጋሽ ደቻሳ። «እዚሁ ነን።»

ማንም አልተነሳም። አንዷ ሴት ውሃ አመጣችለት። ሌላዋ እጁን ያዘችው፤ ስሟን አያውቀውም።


፲፫ ከስልክ የተቀዳ

አትጠገብ፦ አቤት፣ ወንድምጋሼ።

ይበልጣል፦ እማን አቅርቢልኝ።

አትጠገብ፦ እማ ጠበል...

ይበልጣል፦ አትጠገብ። መሬት ላይ ቁጭ ብያለሁ። ብወድቅ የሚይዙኝ ሰዎች አሉ። ካለች አቅርቢልኝ። ከሌለችም ንገሪኝ።

(ባዶ። በር ሲከፈት። እርምጃ። ዶሮ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ።)

ድው።

ድው ድው።

(ባዶ።)

ድምፅ፦ ይበልጣል?

ድው።

ይበልጣል፦ አቤት፣ እማ።

እናቱ፦ አንተ ነህ? እውነት አንተ ነህ?

ይበልጣል፦ እኔ ነኝ።

እናቱ፦ ያ የምሰማው ምንድን ነው፣ ሰው ያለቅሳል እንዴ?

ይበልጣል፦ ጎረቤቶቼ ናቸው፣ እማ። አሁን ደግሞ እየሳቁ ነው።

እናቱ፦ እንዴት ነህ ልጄ? ደህና ነኝ እንዳትለኝ። እኔም ቁጭ ብያለሁ፤ እውነቱን ንገረኝ።


፲፬

ይበልጣል፦