የተቃናው ጥያቄ

የፈረንሳይኛው መምህር ክፍል ከቢዝነስ ክፍል የሚለየው በአንድ ስስ የጣውላ ግድግዳ ብቻ ነበር። ከወዲያ ብዙ ተማሪ ስለ ትርፍና ኪሳራ ሲንጫጫ፣ ከወዲህ አዛውንቱ ለጥቂት ልጆች ድምፅ በአፍንጫ እንዴት እንደሚወጣ ያሳያሉ። ተማሪዎች «ባለ ከረባቱ» የሚሉት የቢዝነሱ መምህር በየዓመቱ ልጆቹን በቡድን ይከፍላል፤ እያንዳንዱ ቡድንም በግቢው ካሉት ሥራዎች አንዱን መርምሮ፣ ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚለውን በርዕሰ መምህርቷ ፊት ያስረዳል። አምና ከተመረመሩት አንዱ ሻይ ቤቱ ነበር፤ ዘንድሮ በሩ ተቆልፏል።

አዛውንቱ ይህን ልማድ አሳምረው ያውቁታል። ይሁን እንጂ በቤታቸው ያሳደጓት የሟች ወንድማቸው ልጅ አንድ ቀን ከክፍል በኋላ መጥታ በፈረንሳይኛ ስትጠይቃቸው፣ ለማን የቤት ሥራ እንደሆነ መጠየቁን ረሱት። ሳይገደድ በዚያ ቋንቋ አፉን የከፈተ ተማሪ ካዩ ዘመን ሆኗቸዋል። ልባቸው ቅቤ ጠጣ።

«ካስተማሯቸው መካከል በቋንቋው የሚተዳደር አለ?»

«ቀስ በይ፣ የኔ ልጅ። ከንፈርሽን ሰብሰብ አድርጊ። እንደገና።»

ደገመችው። ጥያቄው ተቃንቶ፣ ተስሎ መጣ።

በእሳቸው ክፍል ጥያቄን በአዎና በአይደለም መመለስ ነውር ነው። ስለዚህ ሙሉ መልስ ሰጧት፦ ማንም የለም፤ ከሁሉ የሚበልጠው ተማሪያቸው ሹፌር ሆኗል፤ መንገድ ላይ ሲያገኙት በቋንቋው ሰላምታ መመለስ እንኳ አቅቶታል።

«እርስዎስ አገሩን አይተውታል?»

«አላየሁትም። በመጽሐፍ ብቻ ነው የማውቀው።»

ሲናገሩ ቅር አላላቸውም። አነጋገሯ አማልሏቸው ነበር።

በሳምንቱ አዳራሹ ሞላ። ልጅቷ ቀርባ በጠራ ፈረንሳይኛ እጅ ነሣች፤ አዛውንቱም ሳያውቁት ከንፈራቸው አብሯት ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በአገሯ ቋንቋ ቀጠለች።

«ይህ ክፍል ደንበኛ የለውም። የገዙትም አልተጠቀሙበትም። ነጋዴው ራሳቸው ዕቃው የሚመጣበትን አገር አላዩትም።»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ርዕሰ መምህርቷ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ወደ አዛውንቱ ዞሩ።

«ጋሼ፣ ልጅቷ ያለችው እውነት ነው?»

የገዛ ቃላቸውን በምን አፋቸው ይካዱት?

«እውነት ነው።»

«እንግዲያስ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ክፍሉን ለቢዝነስ እንሰጠዋለን።»

አዛውንቱ ሲወጡ ባለ ከረባቱ ትከሻቸውን ቸብ አደረጋቸው። «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ተናጋሪ ማፍራት ቀላል ነው? ክብሩ የእርስዎ እኮ ነው!»

ማታ ልጅቷ እራት አቅርባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«አጎቴ፣ ተቀየሙኝ እንዴ? ሌሎቹ ቡድኖች ቤተ መጻሕፍቱን ተሻምተው ወሰዱት። እኔ ደግሞ እርስዎ ዘንድ ቀላል እንደሚሆንልኝ አውቅ ነበር። መቼም ጡረታዎ ደርሷል።»

አዛውንቱ በዝግታ፣ ቃሉን እየመረጡ፣ በፈረንሳይኛ መናገር ጀመሩ። ስለ አባቷ ነበር፤ ሲሞት አደራ ያላቸውን ለማንም አውጥተው አያውቁም።

ልጅቷ አዛጋች።

«በኛው ቋንቋ ይንገሩኝ፣ አጎቴ። ዛሬ ደክሞኛል።»

«ምንም አላልኩሽም» አሏትና ሳህናቸውን ገፋ አድርገው ተነሡ።